አምስት ቃጭሎችና አንድ የነሐስ ኳስ፦ የእንቅስቃሴን ታሪክ በእጅ የሚያስነካ የመሣሪያ ሳጥን

ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሁለት ረጃጅም ጣውላ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሜትር ነው፤ በጀርባው ላይ ጣት የሚያክል ቦይ ተፈልፍሎበታል። ከጣውላዎቹ ሥር አምስት ትናንሽ ቃጭሎች፣ እኩል መጠን ያላቸው አንድ የነሐስና አንድ የእንጨት ኳስ፣ ከታቹ ቀጭን ቱቦ የወጣለት የውሃ ዕቃ፣ ሁለት ፔንዱለሞች (ተንጠልጥለው የሚወዛወዙ ኳሶች)፣ በክር የተንጠለጠሉ አምስት የብረት ኳሶች ያሉት ማዕቀፍ፣ በጣሳ የታሸገ የሸክላ ጭቃ፣ ቁመናቸው አንድ ክብደታቸው የተለያየ ሦስት የነሐስ ኳሶች፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት መቁጠሪያና 40 ገጽ ያለው መመሪያ ይገኛሉ። ሻጩ ዕቃውን ያስተዋወቀው «ከአርስቶትል እስከ ኒውተን ያለውን የእንቅስቃሴ ታሪክ በእጅዎ ይሥሩት» ብሎ ነው።

ፊዚክስ ሳስተምር 22 ዓመት ሆኖኛል። የአወዳደቅን ሕግ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ለ13 ዓመት ልጄ ግን ሕጉ በዚያ መንገድ እንዲደርሳት አልፈለግሁም፤ ሳጥኑን የገዛሁት ለዚህ ነው። ከሦስት ወር አጠቃቀም በኋላ ያለኝን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። ጣውላውና ቃጭሎቹ ብቻቸውን ዕቃውን ያስገዛሉ። መመሪያውን ግን ለልጅ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ እያረማችሁ አንብቡላት።

ስለ ጣውላው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የሳጥኑ ነፍስ እሱ ነውና። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በሌይደን ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ መሣሪያውን ራሱ ገልጾታል። ርዝመቱ 12 ክንድ፣ ወርዱ ግማሽ ክንድ፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት የሆነ እንጨት፤ በጠርዙ ላይ ከአንድ ጣት ጥቂት የሚሰፋ ቀጥ ያለ ቦይ፤ ቦዩ ውስጥ በተቻለ መጠን የለሰለሰ ብራና፤ በብራናው ላይ የሚንከባለል ጠንካራና ፍጹም ድቡልቡል የነሐስ ኳስ። አንዱን ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ክንድ ከፍ አድርጎ ኳሱን ይለቅቃል። ይህን መቶ ጊዜ ያህል እንደደጋገመው ይናገራል። ጣውላውን ማዝመም ለምን አስፈለገው? ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ድንጋይ ከሰው ቁመት ላይ ቢለቀቅ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይነካል፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚከታተል ሰዓት አልነበረም። ጋሊሌዮ ሰዓቱን ማፍጠን ባይችል መውደቁን አዘገመው። የእኔን ጣውላ ጫፉን አምስት ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ሳደርገው፣ ኳሱ ሁለት ሜትሩን ለመጨረስ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አምስት ሰከንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው፤ ኳሱ ከዝግታ ወደ ጥድፊያ ሲሸጋገር በዓይን ትከተሉታላችሁ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦይ የተለጠፈበት ብራና ሳይሆን ለስላሳ ሰው ሠራሽ ፕላስተር ነው። ለልጅ መሣሪያ ይበቃል፤ ለዚህ አልከሰውም።

ቃጭሎቹ በቦዩ ላይ ወደፊትና ወደኋላ በሚንሸራተቱ ትናንሽ ቅስቶች ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ኳሱ ሲያልፍ ነካ ያደርጋቸዋል። መመሪያው «ጋሊሌዮ የተጠቀመበት መሣሪያ» ይለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ባለቃጭል ተዳፋት በፍሎረንስ ከተማ በጋሊሌዮ ሙዚየም በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለማስተማሪያ የተሠራ እንጂ የጋሊሌዮ አይደለም። ጋሊሌዮ በመጽሐፉ የሚናገረው ጊዜን በውሃ ስለ መለካት ነው። ሆኖም ጆሮም ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም። የታሪክ ተመራማሪው ስቲልማን ድሬክ በ1970ዎቹ የጋሊሌዮን የእጅ ጽሑፎች መርምሮ፣ በጣውላው ላይ ጅማት አስሮ ኳሱ ሲሻገረው የሚሰማውን ድምፅ ከዘፈን ምት ጋር እያስተያየ ሳይለካ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ሉት የተባለው ባለክር መሣሪያ ተጫዋችና የሙዚቃ ሊቅ ነበር፤ ልጁም ይጫወት ነበር። ምት ለለመደ ጆሮ የአንድ ሰከንድ ትንሽ ስባሪ እንኳ አታመልጠውም።

ይህን እኔም ያመንኩት በቤቴ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቃጭሎቹን እኩል አራራቅናቸው፤ በየ37.5 ሳንቲሜትሩ አንድ። ኳሱ ሲለቀቅ የመጀመሪያዋ ቃጭል ከረጅም ዝምታ በኋላ ጮኸች፣ ከዚያ ሌሎቹ እርስ በርስ እየተሻሙ ተከተሏት። ልጄን «እኩል እየጠበቁ እንዲጮኹ አድርጊ፤ ማስመሪያ ግን አትንኪ» አልኳት። ጥግ ላይ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጣውላውንም ኳሱንም ለይታ አታይም። ልጄ ቃጭል እያንሸራተተች ኳስ ስትለቅ ግን ከእኛ ሁሉ ቀድማ የምትፈርደው እሷ ሆነች።

«ሦስተኛዋ ቸኮለች» ትላለች እናቴ።

«አሁንስ፣ እማማ?»

«አሁን ልክ ነች። አራተኛዋ ግን ዘገየች።»

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ምቱ ለእናቴ ጆሮ ሲስተካከል ማስመሪያውን አወጣሁ። ከመነሻው የመጀመሪያዋ ቃጭል 7.5፣ ሁለተኛዋ 30፣ ሦስተኛዋ 67 ሳንቲሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቦታ ላይ ነበሩ። ልጄ ልዩነቱን አንድ በአንድ ቀነሰች፤ 7.5፣ 22.5፣ ወደ 37። እያንዳንዱን ለ7.5 ስታካፍለው 1፣ 3፣ 5 ሆነ። እርሳሷን አስቀምጣ «አባዬ፣ ኳሱ መቁጠር የሚችል ይመስላል» አለችኝ። 22 ዓመት ሳስተምረው የኖርኩት ሕግ ይኸው ነው፤ በእኩል ጊዜ ውስጥ የሚሄዱት ርቀቶች እንደ ጎዶሎ ቁጥሮች ያድጋሉ። ጎዶሎ ቁጥሮችን በተርታ ብትደምሯቸው 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 ይሆናሉ፤ ማለትም አጠቃላይ ርቀቱ የሚያድገው እንደ ጊዜው ስኩዌር (ጊዜው በራሱ ተባዝቶ) ነው። ሰሌዳ ላይ ቀመር ሆኖ የማውቀውን ነገር ማየት የማትችል እናቴና ቀመሩን የማታውቅ ልጄ በቃጭል አገኙት።

ነገር ግን አራተኛዋና አምስተኛዋ ቃጭል አስቸገሩን። ሕጉ ከእውነት ጋር ቢስማማ አራተኛዋ 120፣ አምስተኛዋ 187.5 ላይ መሆን ነበረባቸው። በእናቴ ጆሮ የተስተካከለችው አራተኛዋ ግን 114 ላይ ነበረች። 120 ላይ ስናደርጋት እናቴ በየጊዜው «ዘገየች» ትላለች። እንደ አስተማሪ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ጆሮዋ ደክሞ ይሆናል» የሚል ነበር፤ በዚህም አሁን አዝናለሁ። ጣቴን በቦዩ ላይ ስስበው ሁለቱ ጣውላዎች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ፣ ልክ አንድ ሜትር ላይ፣ ጥፍሬ ያዘው። የታችኛው ጣውላ ከላይኛው የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ኳሱ በሦስተኛዋና በአራተኛዋ ቃጭል መካከል በየጊዜው ይደናቀፍ ነበር ማለት ነው። ለዓይን የማይታይ፣ ለእጅም ሲፈልጉት ብቻ የሚገኝ ጉድለት በጆሮ ተያዘ። ብሎኑን አላልቼ ከላይኛው ጣውላ መጋጠሚያ ሥር የታጠፈ ወረቀት አስገባሁ፤ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከዚያ በኋላ አራተኛዋ ወደ 120፣ አምስተኛዋም ወደ 187 ሄደው ተቀመጡ።

ይህ የመገጣጠሚያ ችግር ዋናው የዕቃው ጉድለት ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሸጥ ጣውላ በሁለት ብሎን ብቻ መያያዝ አልነበረበትም።

የውሃውን ዕቃ ከቃጭሎቹ በኋላ እንድትሞክሩት እመክራለሁ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሰው የቱቦውን አፍ በጣቱ ይዘጋል፤ ኳሱ ሲለቀቅ ጣቱን ያነሳል፤ ኳሱ ሲደርስ መልሶ ይዘጋል። የወረደው ውሃ ይመዘናል፤ የውሃው ክብደት ጊዜው ነው። ጋሊሌዮ የገለጸው ዘዴ ይህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሌክሳንደር ኮይሬ የተባለው ታላቅ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ በእንዲህ ያለ ዕቃ ያን ያህል ትክክለኛ ውጤት ሊገኝ አይችልም ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶማስ ሴትል የተባለ ወጣት ተመራማሪ መሣሪያውን እንደ ጋሊሌዮ ገለጻ ሠርቶ ሲሞክረው በሚገባ እንደሚሠራ አሳየ። እኛም አሥር አሥር ጊዜ ደጋግመን መዘንን። ለ187.5 ሳንቲሜትር በአማካይ 47 ግራም፣ ለሩቡ ርቀት 24 ግራም ውሃ ወረደ። ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ። ልጄ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ጣቷ ቀድሞ ይነሳ ነበር፤ ከአምስተኛው በኋላ እጇ ለመደ። መቶ ጊዜ መደጋገም ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ መመሪያው ልምጣ። ገጽ 14 ላይ በተዳፋቱ የስበትን ፍጥንጥነት፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምረውን መጠን፣ አስሉ ይላል። አሰላን፤ ያገኘነው 9.8 ሳይሆን ወደ 6.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር የቀረበ ቁጥር ነው። መመሪያው «ልዩነቱ በሰበቃ ምክንያት ነው» ብሎ ያልፋል። አይደለም። ኳሱ የሚንሸራተት ሳይሆን የሚንከባለል ነው፤ ከፍታውን ሲያጣ ያገኘው ጉልበት ከፊሉ ወደፊት ለመሄድ፣ ከፊሉ በራሱ ዙሪያ ለመሽከርከር ይውላል። ውስጡ ድፍን የሆነ ኳስ በለጥ ባለ ተዳፋት ላይ ሲንከባለል ፍጥንጥነቱ ሳይንከባለል ቢንሸራተት ከሚኖረው ሰባት እጅ አምስቱ ብቻ ነው፤ ቦይ ውስጥ በሁለት ጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲንከባለል ደግሞ ከዚያም ጥቂት ያንሳል። የ9.8 ሰባት እጅ አምስቱ 7 ነው። ቁጥራችን ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው። ጋሊሌዮም ይህን የመሽከርከር ድርሻ ለይቶ አያውቀውም ነበር፤ ሕጉ ግን አልተበላሸበትም፤ ምክንያቱም ቅናሹ በቦዩ ርዝመት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ምጣኔዎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። ልጆች ትክክለኛ ልኬት አግኝተው «ተሳስተናል» ብለው እንዲያስቡ የሚያደርግ መመሪያ ያሳዝነኛል፤ በክፍሌ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዲህ ሆኖ እንደሄደ አስባለሁ።

ከዚህ የበለጠ የከነከነኝ ግን ገጽ 6 እና 7 ነው። ገጽ 6 ላይ አርስቶትል አለ፤ «ከባድ ነገር ፈጥኖ ይወድቃል» ብሎ ተሳሳተ ይላል። ገጽ 7 ላይ ጋሊሌዮ ፒሳ ዘንበል ያለው ግንብ ላይ ቆሞ ሁለት ኳስ ሲለቅቅ ተሥሏል። በአንድ ገጽ መግለጥ ወደ 1,900 ዓመት ይዘለላል።

አርስቶትል ሞኝ አልነበረም። ያየውን ነው የጻፈው፤ ድንጋይና ቅጠል ሲወድቁ አይቷል፣ ጋሪ መጎተቱ ሲቋረጥ እንደሚቆም አይቷል። ከዚህ ተነሥቶ የሚንቀሳቀስ ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ያሻዋል አለ። ችግር የሆነበት ከእጅ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ማንም ሳይገፋው ለምን ይሄዳል? አየሩ እየገፋው ነው የሚል መልስ ሰጠ። ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች የተከራከሩት በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፤ የሜካኒክስ (የእንቅስቃሴ ሳይንስ) ታሪክ ማለት ለእኔ የዚህች ጥያቄ ታሪክ ነው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ አየሩ አይደለም አለ፤ ወርዋሪው ራሱ ለድንጋዩ የሚያስተላልፍለት ኃይል አለ። ክብደታቸው በጣም የሚለያይ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት እጅግ ትንሽ እንደሆነም ጽፏል፤ ከጋሊሌዮ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ። ኢብን ሲና ይህ የተሰጠው ዝንባሌ የሚያደናቅፈው ነገር ከሌለ አይጠፋም ብሎ አስቧል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አቡል በረካት አል ባግዳዲ የሚወድቅ ነገር የሚፈጥነው ዝንባሌው በላይ በላዩ ስለሚደራረብ ነው አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ያስተምር የነበረው ዣን ቡሪዳን ደግሞ የምወደውን ምሳሌ አመጣ፦ ክብ የቢላ መሳያ ድንጋይ። አሽከርክራችሁት እጃችሁን ብታነሡ ለረጅም ጊዜ ይዞራል። ቦታውን ሳይለቅ የሚዞር ነገር ከኋላው ገብቶ የሚገፋው አየር ከየት ይመጣል? ቡሪዳን ለተንቀሳቃሹ የተሰጠው ኃይል ባለው የቁስ ብዛትና በፍጥነቱ መጠን እንደሚያድግ ተናገረ። በዚያው ዘመን በኦክስፎርድ የሜርተን ኮሌጅ ሊቃውንት በእኩል መጠን እየፈጠነ የሚሄድ ነገር የሚሸፍነው ርቀት በመካከለኛው ፍጥነቱ ቢሄድ ከሚሸፍነው ጋር እኩል መሆኑን አሰሉ፤ ኒኮል ኦሬም ይህንኑ በሦስት ማዕዘን ሥሎ አሳየ። ጋሊሌዮ በ1638 መጽሐፉ የሚጠቀምበት ሥዕል የዚሁ ዘመድ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ መመሪያው ውስጥ የለም። የመሳያ ድንጋይ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ አንድ ገጽ መጨመር ግን ከባድ አይደለም። እኔ ለልጄ ያሳየኋት ብስክሌት ገልብጬ ጎማውን በማሽከርከር ነው። እጇን አንሥታ ጎማው ሲዞር እየተመለከተች «ታዲያ ምን ይገፋዋል?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ካልተጠየቀች የኒውተን አንደኛ ሕግ ለምን ድንቅ እንደሆነ ማንም አይገባውም፤ መልሱ «የሚገፋው አያስፈልገውም፤ የሚያቆመው ነው የሚያስፈልገው» የሚል ነውና።

የፒሳውን ግንብ በተመለከተ፣ ታሪኩን የጻፈው የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ቪቪያኒ ነው፤ የጻፈውም ዘግይቶ ነው፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። በጽሑፍ የተረጋገጠ ሙከራ የሚፈልግ ሰው ፍላንደርሳዊውን ሲሞን ስቴቪንን ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1586 ባሳተመው ሥራው፣ አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ የሚከብዱ ሁለት የእርሳስ ኳሶችን ከ30 ጫማ ከፍታ ሳንቃ ላይ ሲጥሉ የሁለቱ ድምፅ እንደ አንድ ሆኖ መሰማቱን ይናገራል። ስቴቪንም በጆሮው ፈረደ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ በምን ሊያውቅ ኖሯል?» አለችኝ።

ጋሊሌዮ የተሳሳተበትንም መመሪያው ደብቆታል። በ1604 ለጓደኛው ለፓኦሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ የጊዜው ስኩዌር ሕግ በእጁ ነበር፤ ምክንያቱን ሲያስረዳ ግን የሚወድቅ ነገር ፍጥነት ከወደቀበት ርቀት ጋር እኩል ያድጋል አለ፤ እውነቱ ግን ፍጥነቱ የሚያድገው ከጊዜው ጋር ነው። ያን ለማረም ዓመታት ወስዶበታል። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ታሪክ ይነገረዋል? ትክክለኛ ልኬት ይዞ የተሳሳተ ምክንያት መስጠት እንደሚቻል፣ ከዚያም በትዕግሥት መመለስ እንደሚቻል።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ባጭሩ። ሁለቱ ፔንዱለሞች በደንብ የተሠሩ ናቸው፤ መመሪያው ግን ሰፊም ሆነ ጠባብ ውዝዋዜ እኩል ጊዜ ይፈጃል ብሎ ይደመድማል። አንዱን በ60 ዲግሪ፣ ሌላውን በ5 ዲግሪ ብትለቋቸው አሥር ውዝዋዜ ሳይሞላ ሰፊው ወደኋላ ሲቀር ታያላችሁ። በዚህ የተጨነቀው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ሠራ፤ በ1673 ባሳተመው መጽሐፉም ጊዜው በእርግጥ እኩል የሚሆነው ኳሱ በክብ ሳይሆን ሳይክሎይድ በተባለ ኩርባ ላይ ሲወዛወዝ መሆኑን አረጋገጠ። አምስቱ የብረት ኳሶች የኒውተን ስም ተለጥፎባቸዋል፤ በተንጠለጠሉ ኳሶች ግጭትን ያጠናው ግን ፈረንሳዊው ማሪዮት ነበር፣ ሕጉንም አስቀድመው ዎሊስ፣ ሬንና ሃይገንስ በ1668 እና 1669 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቅርበውታል። ኒውተን ራሱ በ1687 መጽሐፉ ለእነዚህ ሰዎች ተገቢውን ምስጋና ሰጥቷል። በመመሪያው በዚያው ገጽ ኃይል የመጠነ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት ነው የሚለው ቀመር የኒውተን ቃል ተደርጎ ታትሟል፤ ኒውተን የጻፈው የእንቅስቃሴ ለውጥ ከሚያርፍበት ኃይል ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ነው፤ ቀመሩን ዛሬ በምናውቀው መልክ በ1750 ያቀረበው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው።

የሸክላ ጭቃው ግን ከጠበቅሁት በላይ አስደስቶኛል። መመሪያው በአራት መስመር ያልፈዋል፤ እናንተ አትለፉት። ሦስቱ የነሐስ ኳሶች ክብደታቸው እንደ 1፣ 2 እና 3 ነው። ባለ 3ቱን ከ20፣ ባለ 2ቱን ከ30፣ ባለ 1ዱን ከ60 ሳንቲሜትር ልቀቁ። ጭቃው ላይ የሚቀሩት ሦስት ጉድጓዶች እኩል ናቸው። ልጄ በጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ በጠብታ እየቆጠረች ሞላቻቸው፤ በአንድ ጠብታ ብቻ ተለያዩ። ክብደት ሲባዛ በከፍታ በሁሉም ያው ነው። ከፍታ ደግሞ እንደ ፍጥነት ስኩዌር ስለሚሄድ፣ የሚጋጭ ነገር ጭቃውን የሚቆፍርበት አቅም የሚለካው በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የእንቅስቃሴ መጠን የሚለካው በፍጥነት ነው ሲል፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1686 ተቃውሞት በስኩዌሩ ነው አለ። ሆላንዳዊው ስግራቬሳንዴ በ1722 ኳሶችን በጭቃ ላይ እየጣለ ሙከራውን አደረገ። ውጤቱን ተቀብላ በፈረንሳይ የተከራከረችለት ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ናት፤ የኒውተንን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰችውም እሷ ነች። ዛሬ ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት እንደነበረው እናውቃለን፤ አንዱ መጠን ግጭትን፣ ሌላው ጉልበትን ይመለከታል። ጭቃው እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፤ የእኛ በሁለተኛው ሳምንት ተሰነጣጥቆ እንደገና ማቡካት ነበረብን።

የኤሌክትሮኒክስ መቁጠሪያውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጥሩ ይሠራል፤ እስከ ሺህኛ ሰከንድ ይቆጥራል። ነገር ግን ቁጥሩ ከመስኮቱ ላይ ሲመጣ ልጄ ኳሱን ማየትም ቃጭሉን መስማትም ትተዋለች። መጨረሻ ላይ ለማመሳከሪያ አውጡት።

ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ጠረጴዛ ወይም ንጹሕ ወለል ያስፈልጋችኋል። ጣውላው አለማጋደሉን የሚያሳየው «ውሃ ልክ» የተባለ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ጣውላው ወደ ጎን ትንሽ ካጋደለ ኳሱ የቦዩን አንድ ጠርዝ ይዞ ስለሚሄድ የግድ ፈልጉ። ሥራው ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለ መገጣጠሚያው ለሻጩ ጽፌለት በአራት ቀን መልስ ሰጠኝ፤ ጣውላዎቹን እኩል የሚይዙ ሁለት የነሐስ ሹሎችም ላከልኝ፤ ወረቀቱን አውጥቼ በእነሱ ተክቼዋለሁ። ስለ መመሪያው የጻፍኩለትን ሦስት ገጽ ማስታወሻ መቀበሉን ነግሮኛል፤ የተለወጠ እትም ግን እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አያቷን ሳትነግራት የነሐሱን ኳስ በእንጨቱ ቀይራ ለቀቀች። አምስቱ ቃጭሎች ቀለል ባለ ድምፅ ተራ በተራ ጮኹ። እናቴ ራሷን ቀና አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ሌላ ኳስ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ፣ እማማ?»

«ድምፁ ስስ ነው። አረማመዱ ግን ያው ነው፤ መጨረሻዋ ላይ ብቻ ትንሽ ደከመው።»

የእንጨቱ ኳስ ቀላል ስለሆነ የቃጭሎቹ ምላስ ከነሐሱ ይልቅ ይይዘዋል። ልጄ አምስተኛዋን ቃጭል ጥቂት ከፍ አድርጋ ኳሱን መልሳ ለቀቀች።